ሕፃናትን የሚያስጨንቅ ሐሳብና የወላጆች ድርሻ

የዛሬ ሁለት ዓመት በዐቢይ ጾም ወራት አንዲት እናት ወደ ቁምስናችን መጥተው፣ «አባ፣ ልጄ ጸሎት በዝቶባታል፤ ምን ላድርግ?» ሲሉ ጠየቁን። እኛም የሌሎች ወላጆች አቤቱታ «ልጆቻችን አንጸልይም አሉ» የሚል ሆኖ ሳለ የእርሳቸው ተገልብጦ መምጣቱ ደስ የሚያሰኝ ነው ብለን በፈገግታ ሸኘናቸው። ያን ቀን የሰጠነው መልስ ስሕተት እንደ ነበረ የተረዳነው ከወራት በኋላ ነው። ይህን ትምህርት ለወላጆችና ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ያዘጋጀነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሕፃኒቱ በዚያን ጊዜ የ8 ዓመት ልጅ ነበረች፤ ቀዳሜ ቁርባኗን ከተቀበለች ገና ጥቂት ወራት ሆኗት ነበር። ወላጆቿ ነገሩ እንዲጻፍ ፈቅደውልናል፤ እኛም ማንነቷን የሚያስታውቀውን ሁሉ አስቀርተናል። በምሥጢረ ንስሐ የተሰማ አንድም ቃል እዚህ እንዳልገባ አንባቢ እንዲያውቅልን እንወዳለን። የምንተርከው እናቷ የነገሩንን፣ ልጅቱም በቁምስናው ደጅ በሰው ፊት የጠየቀችንን ብቻ ነው።

ነገሩ የጀመረው እጅ በመታጠብ ነው። በብዙ ቤቶቻችን እጅ የሚታጠበው ሌላ ሰው ከማስታጠቢያ ውኃ እያፈሰሰ እንደ ሆነ የታወቀ ነው። እናቷ ቆመው ያፈሱላታል፤ እርሷም «ገና ነው፣ ጨምሪልኝ» ትላለች። አንድ ማስታጠቢያ ይበቃ የነበረው ሁለት፣ ከዚያም ሦስት ሆነ፤ የእጇም ቆዳ ተሰነጣጠቀ። ከዚያ በኋላ የቁርባን ጾም ነገር መጣ። እሑድ ጧት «ዝንብ ወደ አፌ ገብታ እንደ ሆነስ?» እያለች አፏን ከፍታ እናቷ እንዲያዩላት ታስቸግር ጀመር። ሲመሽ ደግሞ፣ «ዛሬ ኃጢአት ሠርቻለሁ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ይከተላል። እናቷ «አልሠራሽም» የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ፣ በአንድ ዓይነት ድምፅ መመለስ ነበረባቸው። በመካከሉ ቢያስሉ ወይም አባትየው በር ቢከፍቱ ከመጀመሪያው ይደገማል። አቡነ ዘበሰማያትንም አንድ ቃል የዘለለች ከመሰላት እንደ ገና ትጀምረዋለች። ቤተ ሰቡ እስከ እኩለ ሌሊት አይተኛም፤ ልጅቱም በማግሥቱ በትምህርት ቤት ጠረጴዛ ላይ እንቅልፍ ይጥላታል።

እናቲቱ ለሁለተኛ ጊዜ በመጡ ጊዜ «ጥርጣሬ ሲያድርባት ወደ እኛ ትምጣ» አልናቸው። መጣች። በመጀመሪያ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ኋላም በየቀኑ ከትምህርት ቤት መልስ በደጅ እየቆመች ትጠይቀን ጀመር። እኛም በርኅራኄ «ይህ ኃጢአት አይደለም፤ በሰላም ሂጂ» እንላታለን። ፊቷ ይበራል፤ አጥሩ ጋ ትደርስና ትመለሳለች። «አባ፣ በደንብ ሰምተውኛል? ያልኩዎት እኮ ሆን ብዬ እንደ ሆነስ ነው።» እንደ ገና እንመልስላታለን። መልሳችን በበዛ ቁጥር ጥያቄዋም በዛ። በመጨረሻ የነቃነው በክሊኒክ የሚያገለግሉ አንዲት ነርስ እኅት ከመስኮት ሆነው ይህንኑ ለብዙ ቀናት ተመልክተው ኖሮ፣ «አባ፣ ይህች ልጅ ታማለች፤ የሚሰጧት መልስ ደግሞ ሕመሙን እየቀለበው ነው» ባሉን ጊዜ ነው።

ይህ ሕመም በባዕድ ቋንቋ ኦብሴሲቭ ኮምፐልሲቭ ዲስኦርደር፣ ባጭሩ ኦ.ሲ.ዲ. ይባላል። ሁለት ነገሮች ተጣምረው ይገኙበታል። አንደኛው ሰውየው ሳይፈልገው ደጋግሞ የሚመጣና የሚያስፈራ ሐሳብ ነው፦ «እጄ ረክሷል፣ እናቴ ልትሞት ነው፣ እግዚአብሔርን ሰድቤአለሁ» የሚል። ሁለተኛው ያን ፍርሃት ለማብረድ የሚደረግ አስገዳጅ ድርጊት ነው፦ መታጠብ፣ መቁጠር፣ ዕቃን ማስተካከል፣ ደጋግሞ መጠየቅ፣ ደጋግሞ መናዘዝ። ከመቶ ሕፃናት አንዱን ወይም ሁለቱን የሚያገኝ ስለ ሆነ፣ ሰፊ በሆነ ቁምስና ውስጥ አንድም እንዲህ ያለ ልጅ የለም ብሎ ማሰብ አይቻልም። ይልቁንም አላወቅናቸውም ማለት ይቀላል።

የሦስት ዓመት ሕፃን ያው ተረት በዚያው ቃል እንዲነገረው ቢፈልግ ወይም ጽዋው ካልተለወጠለት ቢያለቅስ ሕመም አይደለም፤ የዕድሜው ጠባይ ነው። ሕመም ነው የምንለው ድርጊቱ ልጁን የሚያስጨንቀው፣ ከቀኑ ብዙ ሰዓት የሚወስድበት፣ ከትምህርት፣ ከጨዋታና ከእንቅልፍ የሚያግደው ሲሆን ነው። ከዘር የሚወረስ ዝንባሌና የአንጎል አሠራር በዚህ ድርሻ እንዳላቸው ሐኪሞች ይናገራሉ። ወላጆች አጥብቀው ስላሳደጉ ወይም አብዝተው ስላቀማጠሉ የሚመጣ አይደለም፤ የልጁም ዐመፅ አይደለም። ዘመዶች «ጠበል ውሰዷት» ማለታቸው አይቀርም። ጸሎትና ቡራኬ ለማንኛውም ሕመምተኛ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሕፃኗን «የሚናገርብሽ ሰይጣን ነው» ማለት የተጨነቀችውን ልጅ በእጥፍ ማስፈራራት ነው። ይህን የምንለው ጉዳቱን በዓይናችን ስላየን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ልጅቱ ትፈራለች፤ ትታጠባለች ወይም ትጠይቃለች፤ ፍርሃቱ ለጥቂት ደቂቃ ይበርዳል። አእምሮዋ ከዚህ የሚማረው «የዳንሁት ስለ ታጠብሁ ነው» የሚለውን ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ፍርሃቱ በርትቶ ይመጣል። በደጅ ለመጣ ውሻ አንድ ቀን እንጀራ ከተጣለለት በማግሥቱም መምጣቱ አይቀርም። እንጀራውን የሚጥለው ግን ልጁ ብቻ አይደለም። ውኃ የሚያፈስሱት እናት፣ «አልሠራሽም» የሚሉት አባት፣ በደጅ ቆመው የሚመልሱት ካህን ሁሉ ይጥላሉ። ተመራማሪዎች ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ጀምሮ ይህን የቤተ ሰብ ተባባሪነት ለይተው አጥንተውታል፤ ከሕመምተኛ ጋር የሚኖሩ ቤተ ሰቦች አብዛኞቹ በፍቅር ተነሣሥተው ሕመሙን እንደሚያገለግሉ፣ ይህ በበዛ መጠንም ሕመሙ እንደሚከብድ ተገንዝበዋል። ወላጆችን ለመውቀስ የተባለ አይደለም። ልጁ እያለቀሰ ውኃ አላፈስስም የሚል ማን ነው?

የሕክምናው መሠረት የተጣለው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። ቪክቶር ሜየር የተባሉ የሥነ ልቡና ባለሙያ በለንደን ሁለት ሕመምተኞችን የሚፈሩትን ነገር እንዲጋፈጡ፣ ነገር ግን የለመዱትን ድርጊት እንዳይፈጽሙ በማድረግ እንዳሻሏቸው በዚያ ዓመት ጻፉ። ፍርሃት ካልሸሹት በራሱ ጊዜ ይበርዳል፤ ባይበርድም እንኳ ሰው ሊሸከመው እንደሚችል ይማራል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣ ጥናት ከ7 እስከ 17 ዓመት የሆናቸው 112 ልጆች በአራት ተከፍለው ታይተዋል። ሕመሙ ሊጠፋ እስኪቃረብ የተሻላቸው፣ ሰርትራሊን የተባለውን መድኃኒት ብቻ ከወሰዱት ከመቶ 21፣ ይህን የመጋፈጥ ሕክምና ብቻ ካገኙት 39፣ ሁለቱንም ካገኙት 54 ያህል ሲሆኑ፣ መድኃኒትነት የሌለው እንክብል ከተሰጣቸው ግን ከመቶ 4 እንኳ አልሞሉም።

ይሁን እንጂ የ6 ዓመት ሕፃን «ይህ ፍርሃት ከንቱ ነው» ብሎ ከሐኪም ጋር አይወያይም። ስለዚህ ለትንንሾቹ ሕክምናው በወላጆች እጅ እንዲሰጥ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ሌላ ጥናት ከ5 እስከ 8 ዓመት የሆናቸውን 127 ሕፃናት ተመልክቷል። ወላጆቻቸው በ14 ሳምንት ውስጥ ከልጆቹ ጋር ሆነው ይህን መጋፈጥ እንዲመሩ ከሠለጠኑት ከመቶ 72ቱ በእጅጉ ሲሻላቸው፣ ሰውነትን ማዝናናት ብቻ ከተማሩት የተሻላቸው ከመቶ 41 ናቸው። በዬል ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ኤሊ ሊቦዊትዝ ደግሞ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄደው ወላጆችን ብቻ የሚያስተምር ዘዴ አዘጋጁ። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው ጥናታቸው 124 ልጆችን የያዘ ሲሆን፣ ልጁ ሐኪሙን ሳያገኝ ወላጆቹ ብቻ የተማሩበት መንገድ ልጁ ራሱ ከታከመበት መንገድ እንደማያንስ አሳይቷል። እርግጥ ነው፣ ያ ጥናት የተደረገው በሌሎች የፍርሃትና የጭንቀት ሕመሞች ላይ ነው፤ የወላጅ ተባባሪነት ግን በሁለቱም አንድ ነው። የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም እጅግ በሚያንስበት እንደ እኛ ባለ ሀገር ይህ ነገር የሚሰጠውን ተስፋ አንባቢ ራሱ ይገምተው።

ነርሷ እኅት ወላጆቹን በክልሉ ከተማ ወደሚገኝ ሐኪም መሯቸው። መንገዱ ሩቅ ስለ ነበረ በየሁለት ሳምንቱ ነበር የሚሄዱት፤ የቀረውን ሥራ የሠሩት በቤታቸው ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሐኪሙ ምንም እንዳይለውጡ አዘዟቸው፤ በአንድ ደብተር ላይ በቀን ስንት ጊዜ ውኃ እንዳፈሰሱ፣ ስንት ጊዜም እንደ መለሱ እንዲጽፉ ብቻ። አባትየው በሳምንቱ መጨረሻ ደብተሩን ደምረው ዝም አሉ። መልሱ ብቻ ከ140 በላይ ነበር።

ቀጥሎ ልጅቱ ለሕመሙ ስም እንድታወጣ ተጠየቀች። «እትዬ ጭቅጭቅ» አለችው። ይህ ጨዋታ ቢመስልም ጥቅሙ ከፍ ያለ ነው፤ ከዚያ ቀን በኋላ የሚጨቀጭቁት እትዬ ናቸው እንጂ ልጅቱ መጥፎ አይደለችም፤ እናትና ልጅም በአንድ ወገን ቆመው ሊዋጓቸው ቻሉ። ከዚያም መሰላል ሠሩ። በጣቶቿ ከ0 እስከ 10 እየቆጠረች የትኛው ነገር ምን ያህል እንደሚያስፈራት ተናገረች፤ ከምሳ በፊት በአንድ ጣሳ ውኃ ብቻ መታጠብ 3፣ አቡነ ዘበሰማያትን ሳይደግሙ አንድ ጊዜ ብቻ መጸለይ 5፣ አፍን ሳያሳዩ ወደ ቅዳሴ መሄድ 7፣ ሳይጠይቁ መተኛት 10። ሥራው የተጀመረው ከ3 ነው። ፍርሃቱ በርዶ አንድ እርከን ሲለመድ ብቻ ወደ ሚቀጥለው ይወጣሉ። ለእያንዳንዱ ሙከራ አንድ የባቄላ ፍሬ በብርጭቆ ትጥላለች፤ ብርጭቆው ሲሞላ የመረጠችውን ታገኛለች። ሽልማቱ ስለ ሞከረች እንጂ ስላልፈራች አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ሊነሣ ይችላል፦ ልጅን ኃጢአት የሚመስላትን ነገር እንድታደርግ ማለማመድ ተገቢ ነው ወይ? በደንብ መለየት ያስፈልጋል። ልጅቱ ሆን ብላ ጾም እንድትሽር ማንም አልጠየቃትም፤ የተጠየቀችው ጥርጣሬዋን ተሸክማ፣ አፏ ሳይታይላት ወደ ቅዳሴ እንድትሄድ ነው። ጥርጣሬን መሸከም ኃጢአት አይደለም። ሐኪሙ ከዚህ የሚያልፍ ነገር ካዘዙ ወላጆች ከካህን ጋር ይመካከሩ፤ ካህናትም ሐኪሙን ለማነጋገር አንፈር።

ከባዱ ነገር የሌሊቱ ጥያቄ ነበር። ሦስቱ «አልሠራሽም» በአንድ ሳምንት ወደ ሁለት፣ ከዚያም ወደ አንድ ወረደ። በመጨረሻም ወላጆቹ በመልሱ ፈንታ አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲናገሩ ተሰጣቸው፤ እርሱም «ይህ ጥያቄ በጣም እንደሚያስጨንቅሽ እናውቃለን፤ ሳንመልስልሽም እንደምትችዪው እናምናለን» የሚል ነው። ሁለቱም ክፍል አስፈላጊ ነው። የመጀመሪያው ብቻ ከሆነ ልጁን በፍርሃቱ ውስጥ መተው ነው፤ ሁለተኛው ብቻ ከሆነ ደግሞ ጭካኔ ይመስላል። ይህም ለውጥ ከመጀመሩ በፊት ልጅቱ በቀን፣ በተረጋጋችበት ሰዓት ተነግሯታል፤ በድንገት አልተደረገባትም።

በመጀመሪያው ሌሊት ከአንድ ሰዓት በላይ አለቀሰች። አባትየው መቋቋም አቅቷቸው ወደ ውጭ ወጥተው በግቢው ውስጥ ሲመላለሱ አመሹ። በሦስተኛው ሌሊት ግን ጩኸቱ በድንገት ቀረ፤ ወላጆቹም ተደሰቱ። ኋላ እንደ ታወቀው አያቲቱ ከአልጋቸው ሆነው በሹክሹክታ «አልሠራሽም የኔ ልጅ፣ ተኚ» ሲሏት ኖሯል። በዚህ የሚፈርድ ቢኖር አያት ያላሳደገችው ሰው መሆን አለበት። ሐኪሙ አያቲቱን ራሳቸውን አስጠርተው አስረዷቸው፤ በቤት ውስጥ አንድ ሰው ብቻ እንኳ መልስ የሚሰጥ ከሆነ ልጅቱ ሌሊቱን ሁሉ ያንን ሰው ስትፈልግ ታድራለች። ለአያቲቱም ሌላ ሥራ ተሰጣቸው። ባቄላውን የሚቆጥሩት፣ ሳትጠይቅ የተኛችበትን ሌሊት በማግሥቱ በቡና ሰዓት የሚያወድሱት እርሳቸው ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ተቃና።

ወላጆች ሊጠነቀቁበት የሚገባውን ባጭሩ እንናገር። መቆጣት፣ ማፌዝ፣ «ሰው ሁሉ ይስቅብሻል» ማለት፣ እጅ ይዞ በግድ ቆሻሻ ማስነካት ሕክምና አይደለም። ሁሉን ነገር በአንድ ቀን መከልከልም እንዲሁ። የሚለወጠው ወላጁ የሚያደርገው ነገር ነው፤ ልጁን አስገድዶ መለወጥ አይደለም። ልጁ መብላት ካቆመ፣ ራሱን የመጉዳት ነገር ከተናገረ ወይም ሕመሙ በጥቂት ቀናት ውስጥ በድንገት ከፈነዳ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም መውሰድ ያስፈልጋል። መድኃኒት የታዘዘለት ልጅ ካለም የእምነት ጉድለት አይደለምና ወላጆች አይፈሩ፤ በራሳቸው ፈቃድም አያቋርጡት።

የቀረው የእኛው የካህናትና የመምህራን ጉዳይ ነው። ቤተ ክርስቲያን ይህን ጭንቀት በከፊል ከጥንት ታውቀዋለች፤ ስክሩፕል ትለዋለች፤ ቃሉ በላቲን ትንሽና ሹል ጠጠር ማለት ነው፤ በጫማ ውስጥ ገብታ የምትወጋ። ቅዱስ ኢግናጢዮስ ዘሎዮላ እ.ኤ.አ. በ1522 በማንሬዛ ሳለ የተናዘዘውን ኃጢአት ደጋግሞ እየተናዘዘ ዕረፍት አጥቶ ነበር፤ ራሱን ሊያጠፋ እስኪፈተንም ደረሰ። ኋላ ስለ ስክሩፕል በጻፈው ማስታወሻ፣ በመስቀል ቅርጽ የወደቁ ጭራሮዎችን ሳያስብ የረገጠ ሰው ኃጢአት ሠራሁ ቢል ይህ የፍርድ ስሕተት ብቻ እንደ ሆነ፣ እውነተኛው ስክሩፕል ግን «ሠርቻለሁ፣ አልሠራሁም» እያለ የሚያመላልሰው ሐሳብ መሆኑን ለይቶ ያስተምራል። ሐኪሞች ዛሬ ከሚሉት ምን ያህል እንደሚቀራረብ ያስደንቃል። ቅድስት ትሬዛ ዘሕፃን ኢየሱስም በ12 ዓመቷ እንዲሁ ተሠቃይታለች፤ ሐሳቧን ሁሉ በየቀኑ ለእኅቷ ለማሪ ትነግር ነበር፤ ማሪም የትኛውን እንደምትናዘዝ ትመርጥላት ነበር። የማሪን ደግነት እናከብራለን፤ ይሁን እንጂ ትሬዛ ራሷ እንደ ጻፈችው ሰላሟን ያገኘችው ማሪ ወደ ገዳም ከገባች በኋላ ነው። በዚህ ላይ ብዙ መተርጐም አንወድም። ቅዱስ አልፎንሶስም በዚሁ ሕመም የታወቀ ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው አንድ አናዛዥ ይዞ ምክሩን እንዲከተል እንጂ ከካህን ወደ ካህን እንዳይዞር አስተምሯል።

ስለዚህ ከልጅቱ ወላጆችና ከሐኪሙ ጋር ተስማምተን የራሳችንን ልማድ ለወጥን። ኑዛዜዋ በወር አንድ ጊዜ፣ ከሌሎች ልጆች ጋር በተራዋ ሆነ። አንድ ጊዜ የተናዘዘችውን እንድትደግም አንፈቅድላትም። በደጅ ስትጠይቀን «ኃጢአት ነው» ወይም «አይደለም» አንላትም፤ እንደ ወላጆቿ ያንኑ ዓረፍተ ነገር እንነግራታለን። የመጀመሪያውን ቀን አንረሳውም። ትክ ብላ አየችን፤ ዓይኗም እንባ ሞላ፤ መልሱ በምላሳችን ላይ ነበር። በዚያን ጊዜ አባትየው ለምን በግቢው ይመላለሱ እንደ ነበር ገባን።

አሁን 10 ዓመት ሆኗታል። በፈተና ሰሞን መታጠቡ ተመልሶባት ወላጆቿ ደብተሩን እንደ ገና አውጥተው ነበር፤ በሁለት ሳምንት ተመለሰ። ሕመሙ እንዲህ መመላለሱ የተለመደ ስለ ሆነ አልደነገጡም። ከእነ አያቷም በሰዓቱ ይተኛሉ።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ልጆችን ለኑዛዜ ስታዘጋጁ ረጅም የኃጢአት ዝርዝር አትስጧቸው፤ ለአብዛኛው ልጅ ምንም አያደርገውም፤ ለእንዲህ ያለው ልጅ ግን መርዝ ነው። አንድ ልጅ ያንኑ ጥያቄ አምስትና ስድስት ጊዜ ቢጠይቅ፣ ጸሎቱን ደጋግሞ ቢጀምር፣ እጁ በመታጠብ ብዛት ተሰነጣጥቆ ብታዩ በክፍል ውስጥ ሳትናገሩ ወላጆቹን ለብቻ አነጋግሩ። ወላጆች በቅርብ ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ሄደው የአእምሮ ጤና ባለሙያ ወዳለበት ሆስፒታል እንዲጻፍላቸው ይጠይቁ፤ በአዲስ አበባ የአማኑኤል ሆስፒታል ይህን አገልግሎት ይሰጣል። የመሰላሉንና የደብተሩን አያያዝ በጽሑፍ የምትፈልጉ ወላጆች ደግሞ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቁምስናው ጽሕፈት ቤት ልታገኙን ትችላላችሁ፤ ልጆቹን ይዛችሁ መምጣት አያስፈልግም።